ሰዓቱ የማን ነው?



ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተመክሯል። ዕቅድ እንድናወጣ፣ ማልደን እንድንነሣ፣ ወሬ እንድንቀንስ ዘወትር ይነገረናል። ምክሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ምክር አንድ ነገርን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ይነሣል። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው የሚያባክነው የራሱን ጊዜ ነው የሚለው ነው። ብቻውን ለሚያጠና ተማሪ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ለመምህርና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን እውነት ነውን? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 60 ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል መምህሩ 5 ደቂቃ አርፍዶ ቢገባ ከእርሱ የሚጎድለው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ከተማሪዎቹ ግን ስድሳ ጊዜ አምስት፣ ማለት 300 ደቂቃ ወይም 5 ሰዓት ይጎድላል። ይህ የተጋነነ ስሌት ከመሰለ በሌላ መንገድ እናስላው። ትምህርቱ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና የትምህርቱን ዓመት 40 ሳምንት ብንለው በዓመት 200 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። በእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢጎድል 1,000 ደቂቃ፣ ይኸውም 25 ክፍለ ጊዜ ነው። አምስት ሙሉ ሳምንት! መምህሩ አንድም ቀን ከሥራ አልቀረም፤ በየቀኑ ፈርሟል፤ ልጆቹ ግን የአምስት ሳምንት ትምህርት አጥተዋል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ሳይነኩ ተማሪው ወደ ፈተና የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ፣ «ይህን እኮ አልደረስንበትም ነበር» የሚል ጓደኛ ያልገጠመው ማን ነው? ትምህርቱ በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ቀኑ ቀድሞውኑ ግማሽ ነው።

እንግዲህ ይህ ሲነሣ ብዙ ሰው «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ብሎ ስቆ ያልፋል። ማርፈድ ባህላችን እንደ ሆነ፣ ሰዓት ማክበር ደግሞ ከፈረንጅ የመጣ ነገር እንደ ሆነ ተደርጎ ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሰዓት ያለው ሕዝብ፣ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ እያለ የጸሎቱን ጊዜ የለየ ሕዝብ ጊዜን አያውቅም ማለት ይከብዳል። በእኛ በወላይታ ጊፋታን እንመልከት። በዓሉ የሚከበረው በመስከረም ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት ሽማግሌዎች የጨረቃን ሁኔታ ተመልክተው ነው። ለበሬው መግዣ ወንዶቹ ገንዘብ፣ ሴቶቹ ቅቤ ከብዙ ወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። ማገዶው ቀደም ብሎ ይሰበሰባል። ዕዳ ያለበትም በዓሉ ሳይደርስ ለመክፈል ይሯሯጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገበሬ የዕቅድ አወጣጥ ሥልጠና አልወሰደም።

እድርንም ተመልከቱ። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ይገኛል። የዕቁብ ቀን አይረሳም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ገና ሳይነጋ ከሶዶ መናኸሪያ ተገኝቶ አውቶቡሱን ይጠብቃል እንጂ አውቶቡሱ እርሱን አይጠብቅም። ሱፐርቫይዘር ይመጣል በተባለ ቀን ደግሞ መምህሩ ሁሉ ከደወሉ በፊት በግቢው ውስጥ ነው። ታዲያ ሰዓት ማክበር የማናውቅ ሰዎች ነን ወይስ ሰዓቱን የምናከብርለትን ሰው የምንመርጥ? እኔ የምንመርጥ ነን ባይ ነኝ። የሚቀጣንን፣ የሚያሳፍረንን፣ ጥሎን የሚሄደውን ሰው ሰዓት እናከብራለን። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን መምህሩን አይቀጣም። እንዲያውም መምህሩ ሲዘገይ ደስ ይለዋል፤ ይጫወታል፤ ምን እንደ ጎደለው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

የመሥሪያ ቤቱም ነገር ከዚህ አይለይም። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ሶዶ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ጉዳይ ይዞ ወደ ከተማችን የሚመጣው ሰው ከወላይታ ወረዳዎች ብቻ አይደለም። ከኪንዶ ኮይሻ ወይም ከሁምቦ ገጠር የተነሣ ገበሬ ለአንድ ፊርማ ሲመጣ መጓጓዣ ከፍሎ፣ ምሳውን ከኪሱ በልቶ ነው። ባለሙያው ከቢሮ የለም፤ «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ለሠራተኛው «ነገ» አንዲት ቃል ናት። ለገበሬው ግን ሌላ መጓጓዣ፣ ሌላ ምሳ፣ ያመለጠ የገበያ ቀን ነው። በበልግ ዝናብ ወቅት ከሆነ ደግሞ ሳይዘራ የቀረ መሬት ነው፤ የዘር ቀን ካለፈ ማን ይመልሰዋል? ደጁ ላይ ተሰልፎ የቆመው ሰው ዝም ስላለ ጊዜው ርካሽ ይመስለናል።

በዚህ ላይ የማታ ተማሪውን እንጨምር። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ልጆቹን ሳያይ፣ እራቱን ሳይበላ 12 ሰዓት ላይ ክፍል ይገባል። መምህሩ ሳይነግረው ቢቀርበት ያጣው ትምህርቱን ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬ መምህሩን ብቻ ብወቅስ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። 60 ተማሪ ያለባቸው 5 ክፍሎች የሚያስተምር መምህር 300 የፈተና ወረቀት አለው። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 900 ደቂቃ፣ ማለት 15 ሰዓት ነው። ይህ 15 ሰዓት በየትኛውም የሥራ ሰዓት ውስጥ አልተጻፈም፤ የሚሠራው ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መብራት ካለ ነው። በወላይታ በ2016 ዓ.ም. የመምህራን ደመወዝ በጊዜው ሳይከፈል ቀርቶ መምህራን ማስተማር ያቆሙባቸው ትምህርት ቤቶች እንደ ነበሩ በዜና ተነግሯል። ደመወዝን በወሩ የማይከፍል አካል ስለ ሰዓት አክባሪነት ቢሰብክ ማን ይሰማዋል? እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ደመወዙ የዘገየበት ሰው ሰዓቱን ቢያዘገይ ተገቢ አይደለምን? ሥራ አቁሞ በግልጽ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ያኔ ሁሉም ያውቃል፤ ጥያቄውም ለሚመለከተው ይደርሳል። በየቀኑ 5 ደቂቃ በዝምታ መቀነስ ግን ሌላ ነው፤ ዕዳውን ከባለ ዕዳው ሳይሆን ምንም ካልተበደረው ልጅ መቀበል ነው።

ለቅሶስ? ጎረቤት ሞቶ ክፍል የሚገባ ሰው በእኛ አገር ሰው ሊባል አይችልም፤ ይህ እንዲቀርም አልመኝም። እዚህ ላይ ልዩነቱ ያለው በመቅረቱ ሳይሆን በማሳወቁ ይመስለኛል። ማለዳ ለባልደረባው «ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ግባልኝ፤ ሐሙስ እኔ እገባልሃለሁ» ያለ መምህር ለቅሶውንም ደርሷል፤ የልጆቹንም ሰዓት ጠብቋል። ለገበሬው «ባለሙያው እስከ ዓርብ አይገኝም» የሚል ወረቀት በር ላይ የለጠፈ ቢሮም እንዲሁ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና ሙጫ ይበቃል።

የወረቀቱም ክምር ቢሆን በአንድ ጊዜ እንዲከመር የግድ አይደለም። አምስቱንም ክፍሎች በአንድ ሳምንት የሚፈትን መምህር 15 ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ ከዚያም ይደክማል፤ ጠዋት ያረፍዳል። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ቢፈትን ግን የሚያርመው 60 ወረቀት፣ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ሥራው አልቀነሰም፤ ግን ሌሊቱን አይበላበትም። ከዚህ በላይ ምክር ለመስጠት ዕድሜዬም አይፈቅድም፤ ገና በትምህርት ላይ ያለሁ ነኝና።

ስለ ራሳችን ቤት ግን ለመናገር ይፈቀድልኝ። የመዝሙር ክፍላችን ለጉዞ ሲነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኝቶ መኪናው ይሞላል። የሕፃናቱ ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ግን ልጆቹ ቀድመው ይመጡና የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሰው እስኪደርስ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዝናብ ሲሆን በጣሪያው ጠርዝ ሥር ይጠጋሉ። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ ለሕፃናት ክፍል አስተማሪዎች እንዲሰጥና አስተማሪ በማይመች ቀን ተተኪው እስከ ቅዳሜ ማታ እንዲታወቅ በሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉኝ ካላችሁ በሰዓቱ ተገኙልኝ፤ ስብሰባው ለ8 ሰዓት ነው የተጠራው።