ጉልቻ ስለ መለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ሹም በሹም ሲተካ፣ ደንብ በደንብ ሲለወጥ፣ ውስጡ ሳይታደስ ላዩ ብቻ ሲቀባ አበው ይህን ብለው ያልፋሉ። አባባሉ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከምሳሌነቱ አውርደን እውነተኛው ጉልቻ ወዳለበት ወደ ማድ ቤት ብንወስደው አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፤ ለውጡ የሚመዘነው በማን በኩል ነው? ወጡን ለሚቀምሰው ሰው በእርግጥ የተለወጠ ነገር የለም። ጉልቻው አጠገብ ተንበርክካ እሳት እፍ ለምትለው እናት ግን የጉልቻው መለወጥ የዓይኗና የሳንባዋ ጉዳይ ነው። ተረቱ እርሷን አልጠየቀም።

ጥያቄውን በላስታ ደጋ ላይ እንመልከተው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ አገር ናት። የአካባቢው አባቶች ከቀይ ድንጋይና ከጭቃ የሠሯቸው፣ ሣር የለበሱ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች የታወቁ ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በመዘገባቸው በዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መግለጫ ውስጥም ተጠቅሰዋል። እንዲህ ባለው ቤት ከብቱ ከታች ያድራል፤ ትንፋሹ ከላይ የሚተኛውን ቤተሰብ ያሞቃል። የእሳቱ ጢስም ከንቱ አልነበረም። የጣሪያውን ሣርና እንጨት ከተባይ ይጠብቃል፤ ከበላዩ የተሰቀለውን የዘር እህል ከነቀዝ ያድናል። ስለዚህ አሮጌው ቤት የድንቁርና ሥራ ነው የሚል ሰው ቤቱን በሚገባ አልተመለከተውም።

ነገር ግን ጣሪያውን የሚጠብቀው ጢስ ሰውን ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል። የአማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት የዓለም አካባቢዎች አንዱ መሆኑንም ስናስብ፣ የታመመ ዓይን በየዕለቱ በጢስ ሲለበለብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት 20ኛ አንቀጽ ላይ ለማብሰያና ለማሞቂያ ከሚነድደው ማገዶ የሚወጣውን ጢስ በስሙ ጠርተው ድሆችን ከሚያሳምሙ ነገሮች መካከል ቈጥረውታል። ስለ ምድጃ መናገር እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ የሆነ ዓለማዊ ወሬ አይደለም።

ዛሬ ብዙ የገጠር ቤቶች እየታደሱ ነው። በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በባሕር ማዶ ሠርተው የተሳካላቸው ልጆች ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። የሣሩ ጣሪያ በቆርቆሮ ይተካል፤ የእንግዳው ክፍል ይለሰናል፤ ወንበርና ቴሌቪዥን ይገባል። ማድ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ተራ ይይዛል፤ ጥላሸቱም ባለበት ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንግዳ ወደ ማድ ቤት አይገባም። ጌታችን የጽዋውን ውጭ አጥርተው ውስጡን የተዉትን ሰዎች መገሠጹን እናስታውስ። እንግዳ የሚያየውን አሳምሮ እናት የምትውልበትን መተው የዚያው ዓይነት ጥራት ነው።

በሌላ በኩል፣ «የአባቶቻችንን ቤት አትንኩ» የሚሉ አሉ። የሚሉት በቅንነት ነው፤ ሊደመጡም ይገባል። በችኮላ የተደረገ እድሳት የሚያመጣውን ጉዳት ላሊበላ ራሷ ታስተምራለች። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ታስቦ ሬንጅና ቀለም ተቀብተው ነበር። ቅቡ ግን እርጥበቱን በዓለቱ ውስጥ ስላመቀው፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ጥገና እንዲነሣ ተደረገ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳም በሲሚንቶ ሲለሰን እንዲሁ እርጥበት አምቆ ይፈርሳል። በሣር ክዳን መካከል የጢስ መውጫ ማቆም ቃጠሎ ይጋብዛል። ጢስ የተለየው ሣርም ቶሎ ስለሚበላ ጥበቃ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ላሊበላ ለወራት ኤሌክትሪክ አልነበራትም፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ የተደገፈ ቤት በእንዲህ ያለ ወቅት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ግን ጥንቃቄን እንጂ መተውን አያስተምርም። አባቶቻችን ያወረሱን ቅርስ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ብርዱን፣ ተባዩንና የቦታውን ጥበት አይተው ለቤተሰባቸው መፍትሔ የፈለጉበት አሳቢነትም ጭምር ነው። ድንጋዩን ጠብቆ አሳቢነቱን የጣለ ልጅ ከርስቱ ግማሹን አጥቷል። ሁለቱን አስማምቶ መያዝም ይቻላል። ክቡን ቤት ባለበት ትቶ፣ በአጠገቡ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከግድግዳው በላይ የጢስ መውጫ የተተወለት ማድ ቤት መሥራት ይቻላል። በሀገራችን ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የተሰራጨው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ምድጃው ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢቀመጥ እናት ቆማ ትጋግራለች። የተረፈው ኩበትም ወደ እርሻው ይመለሳል።

የሚቀረው ጥያቄ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት «ኳድራጄሲሞ አኖ» በተሰኘው መልእክት፣ በታች ያለው ወገን በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን በላይ ያለው እንዳይወስድበት አስተምረዋል። ትምህርቱ የተሰጠው ስለ መንግሥትና ስለ ማኅበራት ቢሆንም ለቤተሰብም ይሠራል። ገንዘብ የላከ ልጅ የማድ ቤቱን አሠራር ከሩቅ ቢወስን፣ እናቱ ምጣዷን የማታስቀምጥበት፣ ለፎቶግራፍ ብቻ የሚያምር ክፍል ሊሠራ ይችላል። እርሷም ልጇን ላለማሳዘን አመስግና፣ እሳቷን ከጓሮ ታነዳለች። እንዲህ ያለው ስጦታ ሰጪውን ያስመሰግን ይሆናል፤ ተቀባዪቱን ግን አላያትም። ፍቅር አስቀድሞ ይጠይቃል፦ «እማዬ፣ ምድጃው የት ይሁን? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ቁመቱስ?»

ማድ ቤት የሚለው ስም ከማዕድ የመጣ ነው፤ እኛም ቅዱስ ቁርባንን በዚሁ ቃል ቅዱስ ማዕድ እንለዋለን። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ 21ኛ ምዕራፍ እንደሚተርክልን፣ ከሙታን የተነሣው ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን ጠብቋቸዋል። እርሱ ያልናቀውን ሥራ የሚንቅ ክርስቲያን ሊኖር አይገባም። ማርታንም የገሠጻት ስለ ጭንቀቷ እንጂ ስለ አገልግሎቷ አልነበረም። ነገር ግን ማርያም በእግሩ ሥር ለመቀመጥ ጊዜ አግኝታለች፤ ማገዶ ለቀማ ግማሽ ቀን የሚፈጅባት እናት ያን ጊዜ ከየት ታገኛለች?

ስለዚህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እናቶች ከትምህርቱ ስለ ምን ቀሩ ብለን ከመውቀሳችን በፊት ማገዶው ከምን ያህል ርቀት እንደሚመጣ እንጠይቅ። ውድ ምእመናን፣ ቤት ለማደስ ስናስብ ከእንግዳው ክፍል ሳይሆን ከማድ ቤቱ እንጀምር፤ ወንዶችም በጢሱ ውስጥ ጥቂት ተቀምጠን ከዚያ በኋላ እንወስን። ወጡ እንደ በፊቱ ይጣፍጥ ይሆናል። ያዘጋጀችው እናት ግን ዓይኗ ሳያነባ ከእኛ ጋር በማዕዱ ትቀመጣለች። ለዚህ እግዚአብሔር ይርዳን።