ጣቢያ የቀረው አማና

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ በተከፈተችበት ወቅት የካዕባ ቁልፍ በዑስማን ኢብኑ ጦልሐ እጅ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁልፉን ተቀብለው በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ። ሲወጡም ከቅርብ ዘመዶቻቸው ቁልፉ ለእኛ ቤተሰብ ይሰጠን የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። እስቲ አስቡት፤ ከተማይቱ በእጃቸው ናት፣ ሠራዊቱ በትእዛዛቸው ሥር ነው፣ ጠያቂው ደግሞ የገዛ ወገናቸው ነው። እርሳቸው ግን ዑስማንን አስጠርተው ቁልፉን መለሱለት። በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ የታዘዝነውን ትእዛዝ የተፍሲር ሊቃውንት ከዚሁ ክስተት ጋር አያይዘው ያወሱታል። ቁልፉም እስከ ዛሬ ከዚያው ጎሣ እጅ አልወጣም።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በኹጥባ ላይ ደጋግመን ሰምተነዋል። ዳሩ ግን አማና ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጎረቤት ያስቀመጠው ገንዘብ ወይም ዐረብ አገር ያለች እህታችን የላከችው ሐዋላ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ማንም አማና ብሎ የማይጠራውን ነው። አንድ ሰው በፖሊስ ተይዞ ጣቢያ ሲገባ ከኪሱ ወጥቶ የሚቀመጠውን ንብረት ማለቴ ነው። ቀበቶው፣ ሰዓቱ፣ የእጅ ስልኩ፣ መታወቂያው፣ የቤቱ ቁልፍና የያዘው ጥቂት ብር አማና ናቸው። ሰውየው በዋስም ሆነ በነጻ ሲለቀቅ ገላው ይወጣል፤ ንብረቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

«በመንግሥት ኃይል የተያዘ ነገር እንዴት አማና ይባላል? ወዶ አልሰጠም» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሑነይን ዘመቻ በፊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ የጦር ጥሩሮች ፈልገው ጠየቁት። ሰፍዋን በዚያን ጊዜ ገና አልሰለመም፤ የተሸነፈ ከተማ ሰው ነው። ስለዚህ በጉልበት ልትወስድብኝ ነው ወይ ብሎ በግልጽ ጠየቃቸው። እርሳቸውም በጉልበት ሳይሆን ዋስትና ያለው፣ የሚመለስ ውሰት መሆኑን ነገሩት። ዘመቻው ሲያበቃ ከጥሩሮቹ የተወሰኑት ጠፍተው ተገኙ፤ ምትካቸውን ልክፈልህ አሉት። ልብ በሉ! ኃይል ያለው ወገን ኃይል ከሌለው እጅ ሲወስድ ኃላፊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እጅ የወሰደችውን እስክትመልስ ድረስ ተጠያቂ ናት የሚለው የሐዲስ መርሕም ዩኒፎርም የለበሰን እጅ አይለይም።

በሰፈራችን አንድ ወጣት አለ። መርካቶ ውስጥ ካልሲና የውስጥ ልብስ እያዞረ ይሸጣል። አንድ ቀን በነበረ ግርግር ከሌሎች ጋር ታፍሶ አንድ ሌሊት አደረ፤ በማግስቱም ያለ ክስ ተለቀቀ። ስልኩና 4,300 ብሩ ግን እዚያው ቀሩ። ሁለት ጊዜ ሄዶ «ተረኛው የለም» ሲሉት ሦስተኛ ሳይሄድ ተወው። ለምን ተውከው ብዬ ስጠይቀው «ሰብር አድርጌያለሁ፤ አላህ ይተካልኛል» አለኝ። አነጋገሩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ዕቃውን ከማን ነው የምትወስደው ስለው ከአንድ ሱቅ በዱቤ እንደሚወስድና ማታ ማታ ሒሳብ እንደሚያስገባ ነገረኝ። እንግዲያው ከ4,300ው ብር የሚበዛው የባለ ሱቁ ነው። ቀሪው ላይም እናቱ የመድኃኒታቸውን ድርሻ ይጠብቁ ነበር። ታዲያ ይህ ልጅ ሰብር ያደረገው በማን ገንዘብ ላይ ነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ በሰው ኪስ ውስጥ ያለው ሁሉ የኪሱ ባለቤት አይደለም። ከውስጡ የባለ ዕዳ ሐቅ አለ፣ የቤተሰብ ቀለብ አለ፣ የዕቁብ ተራ አለ። ስለዚህ የራስን ንብረት መጠየቅ አንዳንዴ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል። ሰብርን በተመለከተ ደግሞ ከነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በላይ ሰብር አደረግሁ የሚል ሰው ካለ ይቅረብ። ያማረ ትዕግሥት የተባለው የእርሳቸው ነው። ሆኖም በዚያው በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ልጆቻቸውን ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን አፈላልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ ብለው ሲልኳቸው እናያለን። ሰብር አድርገው እየፈለጉ ነበር። የጣቢያውን በር ላለማየት ብለን የምንተወው ነገር ስሙ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው፣ አልነቅፈውም። ሰብር የሚለውን የከበረ ስም ግን አንስጠው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለዘገባ በሄድኩበት ስፍራ ተይዤ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አድሬያለሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። ስገባ ሰዓቴ፣ ስልኬ፣ መታወቂያዬ፣ 1,850 ብርና የማስታወሻ ደብተሬ ተወሰዱ። መዝጋቢው ደብተሩን «ልዩ ልዩ ወረቀት» ብሎ ጻፈው። ደብተር ነው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ጥቁር ደብተር ነው ብዬ ተናገርኩ፤ «ያው ነው» አለኝ። ያው አለመሆኑን ሁለታችንም በኋላ አየነው።

ከተለቀቅሁ በኋላ ንብረቴን ልወስድ ስሄድ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለኝ።

«ወንድም፣ መታወቂያህን አሳየኝ» አለኝ።

«መታወቂያዬ ከኋላህ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አልኩት።

«ማንነትህ ሳይረጋገጥ እንዴት ከፍቼ እሰጥሃለሁ?»

ሁለታችንም ሳቅን። በሐቅ ለመናገር ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ለማንም በቃሉ ብቻ አምኖ ቢሰጥ ኖሮ የእኔን ሰዓት ሌላ ሰው አስሮት ይሄድ ነበር። ከወረዳ ደብዳቤ አጽፌና ሁለት የሚያውቁኝን ሰዎች ይዤ ተመለስኩ። ሰዓቱን፣ መታወቂያውንና ብሩን ቆጥሮ አስፈርሞ አስረከበኝ፤ ከብሩ አንድም አልጎደለም። አላህ ይስጠው። ስልኩን ለማግኘት ግን ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። ደብተሩን በተመለከተ ደግሞ መዝገቡ ላይ ደብተር የሚባል ነገር የለም።

በዚያ ደብተር ውስጥ ያሉት ስሞች የእኔ አይደሉም። አምነውኝ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ባሏ የማያውቀውን ነግራኛለች፣ አንዱ አሠሪው ቢሰማ እንጀራው ይቋረጣል። የእኔ አማና በእነርሱ እጅ ሳይሆን የእነርሱ አማና በእኔ እጅ ነበር። እንግዲህ የካልሲ ሻጩን ወጣት የጠየቅሁትን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርበው መልሱ አንድ ነው፤ ልተወው አልችልም።

ስለ አመዘጋገብ ጥቂት ልጨምር። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ እርሱ ነው፣ አላህ (ሱ.ወ.) የብድር ውል እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲቆም፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ሳንሰለች እንድንጽፍ አዝዟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወደቀ ዕቃ ተጠይቀው አግኚው የዕቃውን ማቀፊያና የታሰረበትን ገመድ ለይቶ እንዲያውቅ ነግረዋል። ስልቻው በገመዱ ይለያል። የዛሬው ገመድ የስልኩ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ የተሰነጠቀው መስታወቱና መለያ ቁጥሩ ነው። ብር ከሆነ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። ሰው ሲያዝ ይህን ለመናገር ድፍረት የሚያጣበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ቤተሰብ ስንቅ ሲያቀብል ምን እንደተያዘ ይጠይቅና በወረቀት ያስፍር።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ33ኛው አንቀጽ፣ በብርበራ ማዘዣ የሚያዘው ንብረት በማዘዣው የተጠቀሰው ብቻ እንዲሆን፣ የተያዘውም ዝርዝሩ እንዲጻፍና ሲቻል ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ የሰውን ቤት፣ አካልና በእጁ ያለ ንብረት ብቻ ሳይሆን ማስታወሻውንና የሚጻጻፈውን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገውንም ግንኙነት ጭምር ከመደፈር ይጠብቃል። ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ውስጡ ተከፍቶ ይነበብ ማለት አይደለም። ሰው የሸሸገውን መሰለል በሱረቱል ሑጁራትም የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። ለጥንቃቄ ተብሎ ከእስረኛ የሚወሰድ ዕቃና ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ፣ ኤግዚቢት የሚባለው፣ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውየው ሲለቀቅ አብሮት መውጣት ያለበት ነው። ሁለተኛው ከመዝገቡ ጋር ተሳስሯል፤ የሚጠየቀውም ከመርማሪው፣ ከዚያም ከዐቃቤ ሕግ፣ ክስ ተመሥርቶ ከሆነም ጉዳዩን ከያዘው ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ሰው ኤግዚቢት የሆነውን ንብረት ክፍል፣ ንብረት ክፍል ያለውን ፍርድ ቤት እየጠየቀ ወራት ይፈጃል። በቃል መጠየቅም አይበቃም። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ይፈርም።

ከዚያ «የሻይ» የምትባል ነገር አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም እንደረገሙ እናውቃለን። የገዛ ሐቁን ሌላ መንገድ አጥቶ ለማውጣት የተገደደ ሰው ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ እንደሚሆን ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል፤ ዝርዝሩን ከአዋቂ ጠይቁ፣ እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። በከተማችን የማየው ግን ሌላ ነው። ገና አንድ ማመልከቻ ሳንጽፍ እጃችንን ወደ ኪሳችን እንሰድና «ተገድጄ ነው» እንላለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሻይ መግዣ የሌለው ድኻ በዚያ በር ምን ብሎ ይግባ?

በንብረት ክፍል ውስጥ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም፣ ከእናንተ መካከል ይህን ጋዜጣ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የምለው አለኝ። ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ስለ እስረኞች ሲመክሩ ቀለባቸው በዳቦ ሳይሆን በገንዘብ ተቆርጦ በየወሩ በእጃቸው እንዲሰጥ አሳስበዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ዳቦ ከሆነ ጠባቂዎቹ ይወስዱታል። ከሌቦች እጅ የተገኘ ንብረት ባለቤት ቢመጣ ማስረጃው ታይቶ እንዲመለስለት፣ ባለቤት ከጠፋ ደግሞ ወደ በይተልማል እንዲገባ ጽፈዋል። ወደ ማንም ሹም ቤት እንዲገባ አላሉም። ይህ የተጻፈው ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ተመላልሶ የሚነዘንዛችሁን ሰውም አትቆጡት። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ባለ ዕዳ በሻካራ ቃል ሲጠይቃቸው ሶሐቦች ሊነሡበት ፈለጉ፤ እርሳቸው ግን ባለ ሐቅ የመናገር መብት አለውና ተዉት አሉ።

ወጣቱን ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አግኝቼው ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። የስልኩን ቀለምና የተሰነጠቀበትን ጥግ አስገባን፤ ብሩን በአኃዝና በፊደል ጻፍን፤ ባለ ሱቁም በምስክርነት ፈረመለት። የጣቢያው ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አሁን በእጁ አለ። እኔም ሦስተኛውን ደብዳቤዬን ለጣቢያው ኃላፊ አስገብቻለሁ። በዚህኛው ላይ «ልዩ ልዩ ወረቀት» የሚለውን ከመዝገቡ ገጽ ጋር ጠቅሼ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ የቡና ጠብታ የፈሰሰበት ደብተር ብያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ተመለስ ብለውኛል።