ሥራው የማን ነው?

«ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። አባባሉ ቀላል ቢመስልም ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም የብዙዎች እጅ ያረፈበት ሥራ የማን ይባላል? ለሠሪዎቹስ የሚገባቸው ምንድን ነው? የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ አንድ ቁም ሣጥን ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ፥ ራይት እና ማንስፊልድ የተባለው የለንደን የቤት ዕቃ ድርጅት አንድ ታላቅ ቁም ሣጥን አቅርቦ ነበር። ፊቱ ወርቃማ በሆነ ስስ እንጨት ተለብጦ፥ በልዩ ልዩ ቀለም እንጨት ጌጥ ተገጥሞበት፥ የዌጅውድ ሸክላ ምስሎች ተሰክተውበታል። ዛሬ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ንብረት ነው፤ የሚታወቀውም በድርጅቱ ስም ነው።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጌጥ የሚቆርጠው ድርጅት ሳይሆን ሰው ነው። ሠራተኛው ስስ የእንጨት ገጾችን ደራርቦ፥ ሥዕሉን በላያቸው ለጥፎ፥ እጅግ በቀጠነ መጋዝ መስመሩን እየተከተለ ይቆርጣል። ቅጠሉ ጥላ እንዲኖረው የቁራጩን ጫፍ በጋለ አሸዋ ውስጥ ከትቶ ያጠቁረዋል። ከዚያም ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ትኩስ ሙጫ ያጣብቀዋል። ከጌጡ በስተጀርባ ደግሞ ተመልካች የማያየው የመሳቢያው መጋጠሚያ አለ። የሠሪው ሕሊና ይበልጥ የሚፈተነው በዚህ ስውር ቦታ ነው።

«ደመወዙን ተቀብሏል፤ ሌላ ምን ቀረበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ደመወዝ የጉልበትና የጊዜ ዋጋ ነው፤ ምስጋናን ግን አይተካም። ከዚህም የሚከብደው፥ ደመወዙ ራሱ የተጓደለበት ሠራተኛ ጉዳይ ነው።

ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1850 ዓ.ም. ሞርኒንግ ክሮኒክል በተባለው ጋዜጣ ስለ ለንደን የቤት ዕቃ ሠሪዎች ሲጽፍ፥ ሁለት ዓይነት ኑሮ አሳይቷል። ጥቂቶቹ በማኅበር ተደራጅተው የታወቀ ዋጋ ይከፈላቸው ነበር። እጅግ የሚበዙት ግን በጠባብ ክፍል ውስጥ፥ አንዳንዶቹም ከልጆቻቸው ጋር፥ ሌሊትም ጭምር እየሠሩ፥ ያለቀውን ዕቃ ተሸክመው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ይዞሩ ነበር። ለቤተ ሰባቸው ምግብ መግዣ ስለሚቸግራቸውም በተሰጣቸው ዋጋ ይሸጡታል። ዋጋው ሲወድቅ ሥራውም ወደቀ፤ ደካማው መጋጠሚያ በሚያምር ልባስ እየተሸፈነ ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ በዚያ ዕቃ የዋሸው ማን ነው? እጁ የሠራው ሠራተኛው መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በዚያ ዋጋ እውነተኛ ሥራ ሊሠራ እንደማይቻል እያወቀ ዋጋውን የቆረጠው ነጋዴ፥ ርካሽ በማግኘቱ ደስ ያለው ገዢም ከነገሩ ንጹሕ አይደሉም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፥ ሠራተኛ በችግር ተገድዶ የተቀበለው ውል ተስማምቷል ስለተባለ ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን ያስተማሩት በዚሁ ዘመን ነበር።

ስለዚህ ለሠሪው የሚገባው ስሙን መጥራት ብቻ አይደለም። ስሙ ቢጠፋ እንኳ፥ በታማኝነት ለመሥራት የሚያስችለውን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል። ሐቀኝነትን ከእርሱ የምንጠይቅ ከሆነ፥ ሐቀኛ ሆኖ የሚኖርበትን መንገድ ልንዘጋበት አይገባንም።

ውብ ዕቃ ማድነቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን እኛም አልጋ ወይም በር ለማሠራት ከአናጢ ጋር ዋጋ ስንከራከር፥ ከማይታየው መጋጠሚያ የትኛውን እንዲያጓድል እየጠየቅነው እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ።