«አልታየም» እና «የለም»

ላስታ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ በምሠራበት ጊዜ የምፈራው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ ነዋ። ከተከዜ ቆላ ትኩሳት ይዞት የወጣው፣ ከደጋው ሳል ይዞት የወረደው፣ ሁሉም ገበያውንና ምርመራውን አንድ ላይ አድርጎ ይመጣል። ማይክሮስኮፑ አንድ፣ እኔም አንድ።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ደንቡ ግልጽ ነው፦ ስላይዱ ነጻ ነው ከማለትህ በፊት 100 የእይታ መስክ ማየት አለብህ። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን የአንድ አዛውንትን ስላይድ 30 ቦታ ያህል አይቼ፣ ዓይኔ ሲፈዝብኝ፣ ቅጹ ላይ «የለም» ብዬ ፈረምኩ።

«ልጄ፣ ተገኘብኝ ወይ?»

«ምንም የለብዎትም አባባ።»

መርቀውኝ ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ ከስተው ተመለሱ። በዚህኛው ስላይድ ቀያዮቹ ዘንጎች ገና ከመጀመሪያው መስክ ታዩኝ። አብራቸው የምታድረው የልጅ ልጃቸውም ታስል ነበር። የድሮውን ስላይድ ደግሜ ልየው ብዬ ብፈልግ፣ ተጥሏል። ጥፋቱ የእኔ ይሁን ወይስ በሽታው ያኔ ገና አልወጣ ይሁን፣ መለየት የማልችል ሆንኩ።

ስለ ሮቦት ማይክሮስኮፕ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ነገሩ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ትንንሽ ሞተሮች ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ፣ ሌላ ሞተር እይታውን ያጠራል፣ ካሜራ እያንዳንዱን መስክ ያነሳል። ኦፕንፍሌክሸር የሚባለው ዲዛይኑ በነጻ የተለቀቀ ነው፤ አብዛኛው አካሉም በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል። ታንዛንያ ውስጥ ከኢፋካራ የጤና ኢንስቲትዩት ጋር ለወባ ምርመራ ተሞክሯል።

«ማሽን አይደክምም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ጉዳዩ ድካም ብቻ አይደለም። 100 መስክ ማለት እኮ ከተቀባው አክታ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ካልኖረ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ማግኘት ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (እ.ኤ.አ.) የመከረው ጂንኤክስፐርት በ2 ሰዓት ገደማ ከዚህ በጣም ያነሰውን ያገኛል፤ እሱም ግን ልክ አለው። ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ፣ እውነቱን ከተናገረ፣ የሚለው «አልታየም» ነው። «የለም» ግን የዓይን ቃል አይደለም፤ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ቃል ነው። እኔ ያንን ቃል 70 መስክ ሳላይ ተናገርኩት።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «መብራት ሲጠፋ አሮጌው ማይክሮስኮፕህ በመስታወቱ ፀሐይ ተቀብሎ ይሠራል፤ ሮቦትህስ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ይቆማል። ማሽኑን የለመደ ወጣትም የራሱን ዓይን ማመን ሊያቅተው ይችላል።

ታዲያ ለምን እፈልገዋለሁ? ፎቶው ስለሚቀር። የእኔ እይታ ከእኔ ጋር ተነስቶ ሄዷል፤ የማሽኑን ግን ሌላ ሰው በሌላ ቀን ደግሞ ሊያየው ይችላል። ስንት መስክ ታየ? የቱ ጋ ቆመ? ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የምለው፦ መጀመሪያ ማሽኑ አይቶ እንዲያስቀምጥ አድርግ፤ ፍርዱን ለማሽኑ ለመስጠት አትቸኩል። ከእኛ የሚወስደው ልፋቱን ነው። ታማሚው ፊት ቆሞ መናገር ግን የእኛው ነው።

አዛውንቱ መድኃኒቱን 6 ወር ወስደው ድነዋል፤ ልጅቷም እንዲሁ። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ያዳንከኝ ልጅ!» ብለው ይመርቁኛል። 30 መስክ ብቻ እንዳየሁ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ያኔ ፎቶው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ እነግራቸው ነበር ወይ? ስለ ማሽኑ ከማነበው ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው።