ዘርና ልጓም

አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ጋብቻ ሲታሰብ ወይም ለአንድ ወጣት ኃላፊነት ሲሰጥ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ፍርድ ሆኖ ይጠቀሳል። «አባቱ ሰካራም ነበር፤ ልጁስ ከየት ይመጣል?» ይባላል። ውድ ምእመናን፣ ይህ ፍርድ ቅን ነውን?

ነገሩን ከአንዲት ትንሽ ወፍ እንመርምረው። ብላክካፕ የምትባለው ወፍ በአውሮፓ ትፈለፈላለች፤ ወንዱ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል። የብርድ ወራት ሲመጣ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ፤ በምሥራቅ ከሚፈለፈሉት አንዳንዶቹ እስከ አገራችን ደጋዎች ይደርሳሉ። ከመካከለኛው አውሮፓ የሚነሡ ጥቂቶች ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ብሪታንያ ያቀናሉ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚያ የሚከርሙት በዝተዋል።

ጀርመናዊው ሊቅ ፔተር ቤርትሆልድና ባልደረቦቻቸው በብሪታንያ የከረሙ ወፎችን ይዘው በጀርመን አራቧቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ያን መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ያልበረሩት ልጆቻቸው የስደት ወቅት ሲደርስ የወላጆቻቸውን አቅጣጫ ያዙ። አቅጣጫው በትምህርት ሳይሆን በዘር ተላልፎ ነበር።

እንግዲህ ወፏ የአበውን ቃል ታጸናለችን? በከፊል አዎን፤ ዝንባሌ ይወረሳል። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፣ ከተለመደው መንገድ የወጣው ውርስ ለጥፋት አልሆነም። ብሪታንያውያን በየጓሮአቸው ለወፎች መኖ ያኖራሉ፤ ብርዱም ለዝቧል። ስለዚህ ወፎቹ በሕይወት ይከርማሉ፤ መንገዳቸውም አጭር በመሆኑ ወደ መፈልፈያቸው ቀድመው ይመለሳሉ። የውርሱን ፍሬ የወሰነው ዘር ብቻ ሳይሆን የተቀበላቸው ስፍራም ነው።

ሁለተኛ፣ ወፏ አቅጣጫዋን አትመረምርም፤ ሰው ግን «ወዴት እየሄድሁ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ይጸጸታል፤ ይመለሳል። የአበውም ቃል የዘርን ጉልበት ተናገረ እንጂ ልጓሙን የሚይዝ እጅ የለም አላለም።

እርግጥ የሰካራም ልጅ ከሌላው የበረታ ፈተና ይገጥመው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የሚገባው የበዛ እርዳታ ነው እንጂ የተዘጋ በር አይደለም። ያልመረጠው ስበት ኃጢአቱ አይደለም፤ የሚጠየቀው ስበቱን ተረድቶ በሚያደርገው ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሆንን ወላጆች፣ ስለ አንድ ወጣት «የማን ልጅ ነው?» ከማለታችን በፊት «እኛስ በደጃችን ምን አኖርንለት?» ብለን እንጠይቅ።