መርዝና ክህደት

በሰይፍ የገደለና በመርዝ የገደለ እኩል ናቸው? ለሟቹ ልዩነት የለውም፤ ሞት ያው ሞት ነው። ለእኛ ለቀሪዎቹ ግን ልዩነት አለው ባይ ነኝ። የጥንቱ አሳላፊ ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለወግ ብቻ አልነበረም። ሰይፍን በጋሻ ይመክቱታል። መርዝን በምን ይመክቱታል? በመስተንግዶ በኩል ነዋ የሚመጣው!

ነገሩ የግለሰብ ጠብ ብቻ ቢሆን ለንስሐ አባትና ለዳኛ በተውነው ነበር። የሚወሳሰበው ገዳዩ መንግሥት፣ የተገደለበትም ስፍራ የሌላ መንግሥት ምድር ሲሆን ነው። በ2006 (ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን እቆጥራለሁ) የቀድሞው የሩሲያ የስለላ መኮንን አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ፣ በተጠለለባት ለንደን አንድ ሆቴል ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሻዩ ፖሎኒየም 210 ነበረበት፤ ከ22 ቀን በኋላ ሞተ። በ2018 ደግሞ ሳልስበሪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሰርጌይ ስክሪፓልና ልጁ በበር እጀታ ላይ በተቀባ ኖቪቾክ ተመረዙ። እነሱስ ተረፉ። የሽቶ ጠርሙስ በሚመስል ዕቃ የተጣለው ያው መርዝ ግን ከወራት በኋላ ከነገሩ ምንም የሌለችበትን የሦስት ልጆች እናት ገደለ።

ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬሳ ሜይ ድርጊቱን ለፓርላማቸው ሲገልጹ ሕገ ወጥ የኃይል አጠቃቀም ነው አሉ። ይህ እንዲሁ ከአፍ ያመለጠ ቃል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 2(4) አንዱ አገር በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም ይከለክላል። አንቀጽ 51 ደግሞ የትጥቅ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን እንዲከላከል ይፈቅዳል። የዓለም ፍርድ ቤት በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ እንደፈረደው ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የኃይል እርምጃ ሁሉ የትጥቅ ጥቃት አይባልም። እንግሊዝም 23 ዲፕሎማቶች አባረረች እንጂ ጦር አላዘመተችም።

“ሁለት ሰው ቢመረዝ የፖሊስ ሥራ እንጂ የቻርተር ጉዳይ ነው እንዴ?” የሚሉ አሉ። አልስማማም። ኃይል በታንክ ቁጥር ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ሕጉ ፎክሮ የሚመጣውን ይይዝና ኮቴውን አጥፍቶ የሚመጣውን ያሳልፈዋል ማለት ነው። ሰው ቤት ገብቶ እንግዳ የገደለ ባለቤቱንም ደፍሯል። በአንድ ብልቃጥ ሰበብ ጦርነት ይነሳ ማለት ደግሞ እብደት ነው። ወንጀልን በስሙ መጥራት ሌላ፣ ነጋሪት መጎሰም ሌላ።

ስሙ ላይ የሙጥኝ የምለው ለምን መሰላችሁ? ሼክስፒርን ሳስተምር፣ ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበቡ ተማሪዎቼ “ክላውዲየስ ወንድሙን ለምን በጎራዴ አልገደለውም?” ይሉኝ ነበር። በጎራዴ ቢገድለው እኮ “እባብ ነደፈው” ብሎ ማስወራት አይችልም! መርዝ መግደያ ብቻ አይደለም፤ መካጃም ነው።

በ1997 የሞሳድ ሰዎች የካናዳ ፓስፖርት ይዘው አማን ገቡና የሐማሱ ባለሥልጣን ኻሊድ መሽዓል ጆሮ ላይ መርዝ ረጩ። እስራኤልና ዮርዳኖስ የሰላም ውል ከተፈራረሙ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። መራዦቹ ተያዙ፤ ንጉሥ ሁሴን ተቆጡ፤ ማርከሻው ከእስራኤል መጣና ሰውየው ዳነ። ሰውየውን እንውደደው እንጥላው፣ ያተረፈው ነገሩ መጋለጡ ነው። መካድ ቢቻል ኖሮ ማርከሻውን ማን ይልክለት ነበር?

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2021 ለሊትቪኔንኮ ግድያ ሩሲያ ተጠያቂ ናት ሲል ፈረደ። ሞስኮ አልቀበልም አለች። “ታዲያ ፍርዱ ምን ፈየደ?” ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የመርዝ ጋዝን ከልክሎ፣ ጣሊያንም ተቀብላው ሳለ፣ በ1935 እና በ1936 ጋዙ በወገኖቻችን ላይ ዘነበ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህን ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቁስል “አልነበረም” ሲባል ሰሙ።

ስለዚህ ለንደን ላይ መርዝ በስሙ ሲጠራ ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ተመራዡ የድሃ አገር ሰው፣ መራዡም የኃያላን ወዳጅ ሲሆን፣ ያው ስም ይሰጠው ይሆን?