ከነዳጁ የተረፈው ብር የባትሪው ነው

ልጄ፣ የቤንዚኑን ባጃጅ ሸጠህ የኤሌክትሪኩን ልትገዛ መሆኑን እናትህ ነገረችኝ። አትግዛ አልልህም፤ ደስ ብሎኛል። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ግልጽ ነው። መብራቱም ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ ምስክር ነው። ማደያ ላይ ተሰልፎ መዋልም ይቀርልሃል። ግን ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና፣ ከመፈረምህ በፊት ሥሩን እንየው።

ሥሩ ባትሪው ነው። ቤንዚን የዕለት የዕለቱን ትቀዳለህ፤ ባትሪ ግን የዓመታት ጉዞህን በአንድ ቀን ከፍለህ የምትወስደው ነው። ለማደያ መክፈል ስታቆም ኪስህ ውስጥ የሚቀረው ብር ሁሉ ትርፍ እንዳይመስልህ፤ ከፊሉ የሚቀጥለው ባትሪ ዋጋ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ለጊዜው ይደላዋል፤ ባትሪው የደከመ ቀን ግን ባጃጁን አቁሞ ብድር ፍለጋ ይዞራል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይሉሃል ይሄ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የባትሪውን ዓይነት ጠይቅ። ሊድ አሲዱ ሲገዙት ይረክሳል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ በየቀኑ እስኪንጠፈጠፍ ከተነዳም ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። በየማታው ለሚሞላ ሰው ይህ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቅ ያለ ነው። ሊቲየሙ፣ በተለይ አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ በወጉ ከተያዘ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ያሠራሃል ማለት ነው። ዋጋው ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ ለዓመታቱ ሲያካፍሉት ግን ሊድ አሲዱን ሊያስንቅ ይችላል። ደላላ ያገለገለ ባትሪ ይዞ ከመጣ ደግሞ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ያረጀ ባትሪም ሲሞላ መቶ ከመቶ ያሳያል። ሦስት ሰው ጫንና ዳገት ውጣበት፤ ቁጥሩ እያየኸው የሚያሽቆለቁል ከሆነ አመስግነህ መልስለት።

ቀጥሎ የአንተን መንገድ አስብ። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ይልሃል። ያ ቁጥር በሜዳ፣ በዝግታ፣ በቀላል ጭነት የተገኘ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብህ። ባሕር ዳር ብትሠራ ከተማው ሜዳ ነው፤ አንተ ግን ጎንደር ነህ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ሽቅብ ነው። ሦስት ተሳፋሪ የጫነ ባጃጅ 200 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለዳገቱ ብቻ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በሜዳ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ቁልቁለቱ ቢመልስልህም ጥቂቱን ነው። የቀን ጉዞህን ለአንድ ሳምንት መዝግብ፣ ከዚያ ሻጩ ከነገረህ ላይ ሲሶውን ቀንስ፤ የቀረው ለጉዞህ ከበቃ ግዛ።

ብልህ ከሰው ይማራል። እንግሊዛዊው ሰር ክላይቭ ሲንክሌር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1985 ሲ5 የተባለች ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለገበያ አቅርበው ነበር። ዋጋዋ 399 ፓውንድ ብቻ ነበር። ነገር ግን ጣራ የላትም፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች ስለሆነች በትላልቅ መኪኖች መካከል ታስፈራለች፣ ዳገት ላይ በፔዳል ማገዝ ያስፈልግ ነበር፣ የወጣችውም በክረምት ብርድ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ማምረቱ ቆመ። ከመንገዱና ከአየሩ ጋር አልተስማማችምና ርካሽነቷ አላዳናትም።

የምትሞላበትንም ቦታ ከወዲሁ አዘጋጅ። ግቢው የኪራይ፣ ቆጣሪውም የጋራ ነው፤ ከአከራይህ ጋር በሒሳቡ ሳትስማማ አንድ ሌሊት እንኳ አትሰካ። በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ አታራዝም፤ ሶኬቱን ስትነካው ከጋለ ነቅለህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ። ከሥራ እንደገባህ ባትሪው ሳይበርድ አትሰካው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍልም አይሁን። መብራት የሚጠፋበት ማታ አለና፣ ሊቲየም ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ጨመር አድርግበት፤ በግማሹ መሙላት አይጎዳውም። «አንድ ዙር ብቻ» እያልክ ዜሮ እስኪል መንዳት ግን ይቅርብህ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ፤ የዛሬዋ አንዲት ዙር ከባትሪው ዕድሜ ላይ ትቆረጣለች።

መለዋወጫና ባለሙያም አስብ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ የሞተሩ ኮንትሮለር ሲቃጠል የሚፈታውና የሚተካው ሰው ከተማህ ውስጥ ከሌለ፣ ስሙ የገነነው ፋብሪካ ምን ይፈይድልሃል? ዋስትናውንም በአፍ ሳይሆን በወረቀት፣ የባትሪው ለብቻው ተጽፎ ተቀበል።

አነዳድህ ላይ ሁለት ነገር አደራ። የባጃጇ የፊት እግር አንድ ናት፤ ኩርባ ውስጥ ገብተህ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ጎማ ወደሌለበት ጥግ ያዘነብላልና ሳትገባ በፊት ቀዝቅዝ። ሾፌር አጠገብ ሰው አትደርብ። ሁለተኛው ነገር፣ የኤሌክትሪኳ ድምፅ የላትም። ዓይነ ስውሩ፣ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት፣ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃን አይሰሟትም። በቤንዚኑ ጊዜ ሞተሩ ያስጠነቅቅልህ ነበር፤ አሁን የእነሱ ጆሮ አንተ ነህ።

የመጨረሻውና ዋናው የባትሪው ቁጠባ ነው። ቀድሞ በሳምንት ለቤንዚን ታወጣ ከነበረው ላይ የመብራቱን ክፍያ ቀንስ፤ ከቀረው ግማሹን ሳትነካው በእናትህ ስም ባንክ አስገባ። ሠርግ ቢመጣ፣ በዓል ቢመጣ አይነካ። ባትሪው የደከመ ዕለት ከማንም ደጅ ሳትቆም አዲሱን ትገዛለህ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ከሚባለውም ትድናለህ። ይህን ማድረግ እችላለሁ ካልክ ነገ ሄደህ ፈርም። አልችልም ካልክ ግን የቤንዚኑን ይዘህ ቆይ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ የድካምህን ዋጋ ያብላህ።